«ኢኮ ጨምርልኝ» ሲባል ምን ይጨመራል?

ማይክ ጨብጦ የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንዴ ሳይለው የማይቀር ነገር አለ፦ «ኢኮ ጨምርልኝ»። ሚክሰሩ (የድምፅ ማደባለቂያው) ላይ ያለው ልጅ አንዷን ማዞሪያ ጠምዘዝ ያደርጋታል። ዘፋኙ ፈገግ ይላል። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ሲደረስ ከኋላ የተቀመጠው ሰው ግጥሙን መያዝ አቅቶታል። ድምፁ አለ፣ ዜማው አለ፣ ቃሉ ግን የለም።

ጥፋቱ ኢኮውን የሚሠራው ማሽን አይደለም። በእኛ አፍ «ኢኮ» አንድ ነገር ነው። ማሽኑ ውስጥ ግን ሁለት ሥራዎች ናቸው፤ ዲሌይ እና ሪቨርብ። ሁለቱን ያልለየ ሰው አንዱን ፈልጎ ሌላውን ይከፍታል። ከዚያ አላምር ሲለው ሁለቱንም ይጨምራል።

ዲሌይ የገደል ማሚቶ ነው። ገደል ፊት ቆማችሁ ስትጣሩ፣ ትንሽ ቆይቶ ያው ቃል ተመልሶ ይመጣል። ቃሉ ይለያል፤ «ማነህ» ብትሉ «ማነህ» ነው የሚላችሁ። ሪቨርብ ደግሞ ዕቃ ወጥቶ ያለቀ ባዶ ክፍል ነው። እዚያ ስታጨበጭቡም የሚመለሰው ያው ጭብጨባችሁ ነው። ግን ከግድግዳው፣ ከጣሪያው፣ ከወለሉ እየነጠረ ብዙ ሺህ ቅጂ ሆኖ ነው የሚመጣው። ጆሮ አንዱን ካንዱ መለየት ስለማይችል ሁሉንም ደርቦ እንደ አንድ ጅራት ይሰማዋል።

ስለዚህ ሁለቱም ሥራቸው ዞሮ ዞሮ አንድ ነው፤ ድምፁን ዘግይቶ መመለስ። ልዩነቱ ስንት ቅጂ፣ በስንት ጊዜ ልዩነት፣ እየደበዘዘ ወይስ ሳይደበዝዝ የሚለው ነው። ይህ ከገባን ማሽኑ ላይ የተደረደሩት ስሞች አያስፈሩም።

አንድ ቁጥር ግን ያዙልኝ። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ አየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። በሌላ አነጋገር በአንድ ሚሊሰከንድ 34 ሳንቲሜትር ይሄዳል፤ አንድ ክንድ እንኳን አይሞላም። ማሽኑ ላይ ያለ ሚሊሰከንድ ሁሉ የርቀት መለኪያ ነው ማለት ነው። ማዞሪያውን ስትጠመዝዙ ግድግዳ እያስጠጋችሁ ወይም እያራቃችሁ ነው።

ሳጥኑ ውስጥ

ዲጂታል ማሽን ድምፅን የሚያውቀው በቁጥር ነው። በ48 ኪሎኸርዝ የሚሠራ መሣሪያ በየሰከንዱ 48,000 ጊዜ ሞገዱን ለክቶ ቁጥር ይጽፋል። ዲሌይ ማለት እነዚህን ቁጥሮች ሜሞሪ ላይ አቆይቶ በኋላ ማንበብ ነው፤ ሌላ ምስጢር የለውም። 500 ሚሊሰከንድ ብላችሁ ካዘዛችሁት ከ24,000 ቁጥር በፊት የጻፈውን እያነበበ ያሰማችኋል።

ድሮ ይህ የሚሠራው በቴፕ ነበር። አንዱ ሄድ (ቴፑ እየነካው የሚያልፈው ክፍል) ይቀዳል፣ ትንሽ አለፍ ብሎ ያለው ሌላው ሄድ ያነባል። በሁለቱ መሃል ያለው ርቀት ዲሌዩ ነው። ለስቱዲዮ የሚሆኑ ዲጂታል ዲሌዮች ብቅ ያሉት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ሪቨርብ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። ጥቂት ቅጂ ብቻ ቢደረደር የቆርቆሮ መንቀጥቀጥ የመሰለ ድምፅ ያወጣል። ቤል ላብራቶሪ ይሠራ የነበረው ማንፍሬድ ሽሮደር በ1962 ባወጣው ጽሑፉ፣ ጆሮ መንቀጥቀጡን እንዳያስተውል በሰከንድ 1,000 ገደማ ቅጂ ያስፈልጋል አለ። ይህን ሁሉ ቅጂ በጥቂት ስሌት የሚያመርትበትን መንገድም አሳየ። ዛሬ ርካሹ ማሽን ውስጥ ያለው ሪቨርብ እንኳን የዚያ ሐሳብ ዘር አለበት።

ከዚያ በፊት ሪቨርብ የፈለገ ስቱዲዮ ክፍል ነበር የሚያስፈልገው። ባዶ ክፍል ውስጥ አንድ ስፒከርና አንድ ማይክ አስቀምጦ ድምፁን እዚያ አሽከርክሮ ይመልሰዋል። በ1957 ኢኤምቲ የተባለው የጀርመን ኩባንያ ክፍሉን በአንድ ትልቅ የብረት ሉህ ተካው። ሉሁ ይንቀጠቀጣል፣ መንቀጥቀጡ ተመልሶ ድምፅ ይሆናል። ዕቃው ከሩብ ቶን በላይ ይመዝን ነበር። ማሽናችሁ ላይ «ፕሌት» የሚለውን ስትመርጡ የምታገኙት የዚያን ብረት ቅጂ ነው። «ስፕሪንግ» የሚለው ደግሞ ጊታር አምፕሊፋየር ውስጥ የሚገኘው የሽቦ ጥቅል ነው። «ሩም» እና «ሆል» ስማቸው ይናገራል።

ዲሌዩን እንያዘው

ሦስት ማዞሪያ ካወቃችሁ ዲሌይ አለቀ፤ ታይም (ቅጂው የሚዘገይበት ጊዜ)፣ ፊድባክ፣ ሚክስ (የማሽኑ ድምፅ ከደረቁ፣ ማሽን ካልነካው ድምፅ ጋር የሚደባለቅበት መጠን)። (ፊድባክ ሲባል ስፒከሩ የሚያፏጨው ትዝ ካላችሁ አልተሳሳታችሁም፤ ቃሉ ለሁለቱም ነው የሚሠራው። እዚህ ግን የወጣውን ድምፅ መልሶ ማስገባት ማለት ነው።)

ታይሙን ከዘፈኑ ምት ጋር ማስማማት ትልቁን ችግር ይፈታል። ሒሳቡ አንድ መስመር ነው። 60,000ን ለዘፈኑ ፍጥነት አካፍሉት። ዘፈኑ በደቂቃ 100 ምት ከሆነ አንድ ምት 600 ሚሊሰከንድ ነው። ግማሹ 300፣ ሦስት አራተኛው 450። ሦስቱም ከከበሮው ጋር ይገጥማሉ። 450ው በተለይ በምቶቹ መሃል እየገባ ስለሚመለስ ጊታር ላይ የሚያምረው እሱ ነው። ምቱ ሦስት ሦስት የሚከፈል፣ 6/8 የሆነ ዘፈን ላይ ግን በግማሽ አትሂዱ። ያንኑ 600 ለሦስት ክፈሉትና 200 ወይም 400 አድርጉት። ግማሹን ከሰጣችሁት ዲሌዩ ከዘፈኑ ጋር ግብ ግብ ይገጥማል። መስማት እንጂ ማስረዳት ይከብዳል፤ ሙከራው አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ሒሳብ ካስጠላችሁ «ታፕ» የሚል ቁልፍ ፈልጉ። በምቱ ጠቅ ጠቅ አድርጉት፣ ራሱ ይለካል።

አሁን ፊድባክ። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ነው የሚሳሳተው፣ ስለዚህ ቀስ ብለን እንየው። ፊድባኩን 50 ፐርሰንት ላይ አድርጉትና አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። የመጀመሪያው ቅጂ ይወጣል። ሁለተኛው በግማሽ ይቀንሳል፤ ሦስተኛው የዚያ ግማሽ። አሥር ጊዜ በግማሽ የተቀነሰ ድምፅ ከሺህ አንድ ገደማ ቀርቶታል፤ በዲሲቤል 60 ያህል ወርዷል ማለት ነው። የድምፅ ሰዎች «ጠፋ» የሚሉት እሱን ነው። ታይሙ 500 ሚሊሰከንድ ከነበረ አሥሩ ድግግሞሽ 5 ሰከንድ ፈጀ። አንድ ቃል ብላችሁ 5 ሰከንድ ሙሉ ከኋላችሁ እየተጎተተ ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዘፋኙ አንድ ሙሉ ስንኝ ጨርሷል።

ወደ 30 ፐርሰንት አውርዱት። እያንዳንዱ ቅጂ በ10 ዲሲቤል ገደማ ስለሚወርድ ከስድስት ድግግሞሽ በኋላ የለም። 3 ሰከንድ ነው፣ ያውም ካራተኛው በኋላ ያለው በሙዚቃው ተሸፍኖ አይሰማም። ቀጥ ያለ ልዩነት ነው። ሚክሱን ሳይነኩ ፊድባኩን መቀነስ ብቻውን ግጥም ያድናል። 100 ያለፈ ደግሞ ቅጂው እየጮኸ ይሄዳል እንጂ አይሞትም፤ ስፒከርም ጆሮም ይጎዳል።

ለዘፋኝ ድምፅ የኔ ምርጫ አጭር ዲሌይ ነው። ከ80 እስከ 120 ሚሊሰከንድ፣ ድግግሞሹ አንድ ብቻ፣ ፊድባኩ ዜሮ። ቃሉ ሳይጋረድ ድምፁ ወፈር ይላል። አብዛኛው «ኢኮ ጨምርልኝ» የሚል ዘፋኝ የሚፈልገው ይህንን ነው፤ የሚሰጠው ግን ሪቨርብ ነው።

ከዚህ በታች ብትወርዱ ምን ይሆናል? ሄልሙት ሃስ የተባለ ጀርመናዊ በ1949 በመመረቂያ ጥናቱ እንዳሳየው፣ ያው ድምፅ ከ30 ሚሊሰከንድ ባነሰ ልዩነት ደግሞ ሲመጣ ጆሮ ሁለት ብሎ አይቆጥረውም። አንድ አድርጎ ይሰማዋል፣ የመጣበትንም አቅጣጫ የሚወስነው ቀድሞ በደረሰው ነው። ስለዚህ እዚያ ሠፈር ዲሌይ «ድግግሞሽ» መሆኑ ቀርቶ የድምፁ መልክ ይሆናል።

ሪቨርቡ

የሪቨርብ ዋናው ማዞሪያ ዲኬይ ነው፤ ጅራቱ በስንት ሰከንድ ይጠፋል የሚለው። መለኪያው ያው ቅድም ያልነው የ60 ዲሲቤል መውረድ ነው።

ይህን መለኪያ የምናገኘው ከአንድ ፊዚክስ አስተማሪ ነው። ዋላስ ሳቢን ይባላል። በ1895 ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ፎግ በሚባል አዲስ ሕንፃው ውስጥ ያለው የትምህርት አዳራሽ ንግግር የማይሰማበት ሆኖ ተቸገረ። አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ 5 ሰከንድ ከምናምን ይቆይ ነበር። ሳቢን በሌሊት፣ ግቢው ጭር ሲል፣ የኦርጋን ቱቦ እየነፋ ድምፁ እስኪጠፋ በሰዓት ይለካል። ከሌላ አዳራሽ የወንበር ትራሶች እያስመጣ ይደረድርና እንደገና ይለካል። ትራሱ በበዛ ቁጥር ጅራቱ ያጥራል። ከዚያ የወጣው ቀመር ዛሬም ይሠራል፤ ክፍሉ በሰፋ ቁጥር ጅራቱ ይረዝማል፣ ድምፅ የሚመጥ ነገር በበዛ ቁጥር ያጥራል። በ1900 የተከፈተው የቦስተን ሲምፎኒ አዳራሽ የተሠራው በእሱ ምክር ነው።

ትራሱን ያነሳሁት በምክንያት ነው። ሰውም ትራስ ነው። ባዶ አዳራሽ ውስጥ ከሰዓት በኋላ ያስተካከላችሁት ሪቨርብ ማታ ሰው ሲሞላ ሌላ ነው። ደግሞ አዳራሹ ራሱ 2 ሰከንድ የሚያስተጋባ ከሆነ ከማሽኑ ሌላ 2 ሰከንድ መጨመር ውኃ ላይ ውኃ ማፍሰስ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ሪቨርቡን ዝጉና አጭሩን ዲሌይ ብቻ ተጠቀሙ። ቀረጻ ላይ ግን ድምፁ ደርቆ ስለሚመጣ ሪቨርብ የግድ ይላል።

መነሻ ለሚፈልግ፦ ፈጣን ዘፈን ላይ ከ1 እስከ 1.5 ሰከንድ፣ ቀርፋፋው ላይ 2 ወይም 2.5። ከዚያ በላይ የሚሄደው ዘፈኑ ራሱ ባዶ ቦታ ሲኖረው ነው።

አሁን ወደ ምወዳት ማዞሪያ ልምጣ። ፕሪዲሌይ ትባላለች። ብዙ ማሽን ላይ ዜሮ ላይ ተቀምጣ የሚነካት የለም። ሥራዋ፣ ድምፁ ከወጣ በኋላ ሪቨርቡ እስኪጀምር ያለውን ክፍተት መወሰን ነው።

«ጠበቅኩሽ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። መጀመሪያ ላይ «ጠ» አለች፤ አፍ ውስጥ ፈንድታ የምትወጣ፣ ዕድሜዋ የሚሊሰከንዶች ጉዳይ የሆነች ድምፅ። መሃሉ ላይ «ቅ» አለች፤ እሷም ፈንጂ ናት። ጆሮ ቃሉን የሚይዘው በእነዚህ ነው። ፕሪዲሌዩ ዜሮ ከሆነ ሪቨርቡ ከ«ጠ» ጋር እኩል ይነሳና ይሸፍናታል። ከኋላ ለተቀመጠው ሰው «አበእሽ» የመሰለ ነገር ይደርሰዋል። ፕሪዲሌዩን 30 ሚሊሰከንድ አድርጉት። «ጠ» ብቻዋን፣ ደርቃ፣ ጥርት ብላ ትወጣለች። ሪቨርቡ የሚገባው አናባቢው ላይ ነው። ዲኬዩ አልተነካም፣ መጠኑ አልተነካም፣ ቃሉ ግን ተመለሰ።

ለምን እንደሚሠራ በርቀት አስቡት። 30 ሚሊሰከንድ ማለት ድምፁ 10 ሜትር ገደማ ትርፍ መንገድ ሄዶ መጣ ማለት ነው። ግድግዳው ሩቅ፣ ዘፋኙ ግን አጠገባችሁ ነው። ዜሮ ስታደርጉት ዘፋኙ ግድግዳው ላይ ተለጥፏል። እዛው ነው፣ ግን ራቀ። ከ20 እስከ 40 ባለው ውስጥ ፈልጓት። እየራቀች ስትሄድ፣ 80 እና 100 ስትደርስ፣ ሪቨርቡ ተቆርጦ ለብቻው መሰማት ይጀምራል።

የቀረው ማጣሪያ ነው። «ሎው ከት» የሚለውን ሪቨርቡ ላይ 200 ወይም 300 ኸርዝ አድርጉ። ወፍራሙ ድምፅ ሲያስተጋባ ከቤዝ ጊታሩ ጋር ይጣላል፣ ሁሉንም ያጨቀያል። «ሃይ ከት» ወይም «ዳምፕ» የሚለው ደግሞ «ሰ» እና «ሸ» ከኋላ እየተንጫጩ እንዳይመጡ ነው። 5 ወይም 6 ኪሎኸርዝ ላይ ብትቆርጡት ሪቨርቡ ከበስተኋላ ይሆንላችኋል። ይህ የፈጠራ ነገር አይደለም። አየርም ሆነ መጋረጃ ቀጭኑን ድምፅ ቶሎ ነው የሚውጡት፤ እውነተኛ አዳራሽ እንዲሁ ነው የሚያደርገው።

ዲፊዩዥን፣ ዴንሲቲ፣ ሳይዝ… እነዚህን ለጊዜው ፋብሪካው ባስቀመጠበት ተዋቸው።

ሽቦው

ማሽኑን በድምፁ መንገድ መሃል አትሰኩት። መንገዱ እንዲህ ነው፦ ከሚክሰሩ «ኦክስ ሴንድ» (የድምፁን ቅጂ ወደ ሌላ መሣሪያ የሚልከው መውጫ) ወጥቶ ማሽኑ መግቢያ ውስጥ ይገባል። ከማሽኑ የሚወጣው ሁለት ሽቦ፣ ግራና ቀኝ፣ ወደ ሚክሰሩ ሁለት ባዶ ቻናል ይመለሳል። በዚህ መንገድ አንዱ ሪቨርብ ለሁሉም ዘፋኝ ያገለግላል። እያንዳንዱ የሚፈልገውን ያህል ከራሱ ቻናል ይልካል። ሴንዱ ከፌደሩ (የቻናሉን ድምፅ ከፍና ዝቅ ከሚያደርገው ተንሸራታች) በኋላ ይሁን፤ አለበለዚያ ድምፁን ዘግታችሁ ጅራቱ ብቻውን ይዘፍናል።

እዚህ ጋ ሁለት ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው፣ ሪቨርቡ በተመለሰበት ቻናል ላይ ያንኑ ኦክስ መክፈት ነው። ሪቨርቡ ወደ ሪቨርቡ ይላካል፣ ይዞራል፣ ይጮኻል።

ሁለተኛው እኔን ግማሽ ሰዓት አሽከርክሮኛል። የዘፋኟ ድምፅ ቱቦ ውስጥ የገባ ይመስላል። ማይክ ቀየርኩ። ሽቦ ቀየርኩ። ኢኩዋላይዘሩን አንድ በአንድ ጠመዘዝኩ። ምንም። በመጨረሻ ሪቨርቡ የገባበትን ፌደር ዝቅ ሳደርግ ድምፁ ነፍስ ዘራ። ማሽኑ ላይ ሚክሱ 50 ፐርሰንት ላይ ነበር ለካ። ማለትም ከሪቨርቡ ጋር ደረቁን ድምፅም መልሶ ይልክ ነበር። ዲጂታል ማሽን ቁጥር ለመጻፍና ለማንበብ ትንሽ ጊዜ ይወስዳል። ደረቁ ድምፅ በአንድ ሚሊሰከንድ ቢዘገይና ከዋናው ጋር ቢደመር፣ 500 ኸርዝ፣ 1,500፣ 2,500 እያለ ድምፁ እንደ ማበጠሪያ ይሸነሸናል። በሴንድ የምትጠቀሙ ከሆነ ሚክሱ ሁልጊዜ 100 ፐርሰንት «ዌት»፣ ማለትም ሪቨርቡ ብቻ፣ ይሁን። ደረቁ በራሱ ቻናል አለላችሁ።

የመግቢያውን ሌቭል (የሚገባውን ድምፅ መጠን) ደግሞ ዘፋኙ እስከ ጥግ ሲጮህ ቢጫው መብራት ብልጭ እንዲል አድርጉ፤ ቀዩ ግን ጭራሽ። ዲጂታል ነገር ቀይ ከነካ እንደ ቴፕ አይለሰልስም፣ ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀው ድምፅ ደግሞ 2 ሰከንድ ሙሉ ያስተጋባል።

መጠኑ ስንት ነው?

መጠኑን ዘፋኙ ብቻውን ሲዘፍን አትወስኑ። ብቻውን ሲሆን ያማረ ሁሉ ባንዱ ሲገባ ይጠፋል፣ ወይም ባንዱን ያጠፋል። ሁሉም እየተጫወተ የሪቨርቡን ፌደር ከዜሮ ከፍ አድርጉ። «አሃ፣ አለ» ያላችሁበት ቦታ ላይ ቁሙና ትንሽ መለስ በሉ። አሁን ዝጉት። ድምፁ እርቃኑን የቀረ ከመሰላችሁ ልክ ናችሁ። ዘግታችሁ «እፎይ» ካላችሁ በዝቶ ነበር። ጆሮ ሪቨርብ ቶሎ ነው የሚለምደው። ለዚህ ነው ሰዓቱ እየሄደ ሲመጣ ሳናውቀው ስንጨምር የምንገኘው።

ዘፋኙ «ጨምርልኝ» ማለቱን ካላቆመስ? ምናልባት ያጣው ሪቨርብ ሳይሆን ራሱን ነው። ሞኒተሩ (ወደ ዘፋኙ የዞረው ስፒከር) ላይ ድምፁን ትንሽ ከፍ አድርጉለት፤ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ካልሆነም ለሞኒተሩ ብቻ ትንሽ ሪቨርብ ስጡት። እሱ በባዶ ድምፅ መዝፈን ከብዶት ነው፤ ሕዝቡ ጋ ግን መድረስ የለበትም። ብቻ ሞኒተር ላይ ያለ ሪቨርብ ወደ ማይኩ ተመልሶ ስለሚገባ ቶሎ ያፏጫል፤ እጃችሁን ሰብሰብ አድርጉ።

በመጨረሻ ለሪቨርቡና ለዲሌዩ «ሚውት» የምትል ቁልፍ የት እንዳለች በጨለማም እንድታገኟት አድርጉ። ዘፈኑ አልቆ ዘፋኙ «እንደምን አመሻችሁ» ሲል ዲሌዩ ክፍት ከሆነ «አመሻችሁ፣ ሻችሁ፣ ሻችሁ» እያለ አዳራሹን ያስቃል። የመጨረሻው ኖታ ጅራት እንደሞተ ትዘጋላችሁ፣ ከበሮው መቁጠር ሲጀምር ትከፍታላችሁ።